የብርሃን ሕክምና ቫይታሚን ዲን ይጨምራል? ፎሊክ አሲድንስ ያቃጥላል?

ጥያቄ፦ “የ33 ዓመት ሴት ነኝ። ለገሀር አካባቢ በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታ ከያዘኝ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ቅባቱ አልበቃ ሲል ሐኪሜ በሳምንት ሦስት ቀን የብርሃን ሕክምና አዘዘልኝ፤ እስካሁን 14 ጊዜ ገብቻለሁ። በዚሁ መሀል ደም ተመርምሬ ‘ቫይታሚን ዲሽ 13 ነው’ ተባልኩ። መድኃኒት ቤት ስጠይቅ አንድ ትልቅ መርፌ ተወጊ አሉኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ‘ብርሃኑ ፎሊክ አሲድ ያቃጥላል፣ መውለድ ካሰብሽ አቁሚው’ አለችኝ። እኔና ባለቤቴ ዘንድሮ ልጅ አስበናል። ብርሃኑ ቫይታሚኔን እየጨመረው ነው ወይስ እየጨረሰው? ላቁመው? ደግሞስ ፀሐይ በሞላበት አገር ማሽን ለምን ያስፈልገናል?”

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሕክምናውን አያቁሙት። 14 ጊዜ ገብቶ ማቋረጥ ቆዳው መልስ መስጠት በሚጀምርበት ሰዓት ጥሎት መሄድ ነው፤ ብዙ ታካሚ ደህና ለውጥ የሚያየው ከ20 እስከ 36 ባለው ዙር ውስጥ ነው። መርፌውን ግን ለጊዜው ያቆዩት። ባልደረባዎ ያለችው ነገር ከሜዳ የተነሳ ወሬ አይደለም፣ መነሻ አለው፤ መነሻው ግን እርስዎ ከሚገቡበት ብርሃን ሌላ ዓይነት ብርሃን ነው። ምላሼ ይረዝማል፣ ይታገሡኝ። ምክንያቱን ያልተነገረው ታካሚ የመጀመሪያው ወሬ ሲደርሰው ሕክምናውን ጥሎ ሲሄድ ደጋግሜ ስላየሁ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። ተራቸውን የሚጠብቁ ታካሚዎች ስልክ ሲያነሱ “ጨረር ልገባ ነው” ሲሉ እሰማለሁ። በከተማችን ጨረር ሲባል ሰው ወዲያው የሚያስበው በጥቁር አንበሳ የሚሰጠውን የካንሰር ሕክምና ነው፤ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የነበረው እሱ ብቻ ስለሆነ ቃሉና ፍርሃቱ አብረው ኖረዋል። እርስዎ የሚገቡበት ካቢኔ ከዚያ ጋር ዝምድና የለውም። ረጃጅሞቹ አምፖሎች የሚያወጡት ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ተመርጦ የተወሰደ ቀጭን ክፍል ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 311 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን እኛ ጠባብ ባንድ ዩቪቢ (አልትራቫዮሌት ቢ) እንለዋለን። ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ብዙም አልፎ አይገባም። ማህፀን ጋ የሚደርስበት መንገድ የለውም። ስለ ቆዳ ካንሰር ለሚሰጉም፣ በስኮትላንድ 3,867 ታካሚዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት ጥናት በዚህ ብርሃን ብቻ በታከሙት ላይ ጎልቶ የሚታይ የካንሰር ጭማሪ አላገኘም። የእነሱ ቆዳ ደግሞ ከእኛ እጅግ የነጣ፣ በፀሐይ በቀላሉ የሚጎዳ ነው።

ብርሃኑ ሶሪያሲስን የሚያክመው እንዴት ነው? ጤነኛ ቆዳ ራሱን ለማደስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። ሶሪያሲስ ባለበት ቦታ ግን ይኸው ሥራ በጥቂት ቀናት ይጠናቀቃል፤ ያልበሰለ ቆዳ በቆዳ ላይ እየተደረደረ ያንን ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ቆዳውን እንዲህ የሚያጣድፉት መንገዳቸውን የሳቱ የመከላከያ ሕዋሳት ናቸው፤ ቲ ሴል ይባላሉ። ዩቪቢ እነዚህን ሕዋሳት እዚያው ቆዳው ውስጥ እንዳሉ ያከስማቸዋል፣ እርስ በርስ የሚላላኩባቸውን ኬሚካሎችም ያረግባል። እ.ኤ.አ. በ1981 ፓሪሽ እና ዬኒከ የተባሉ ተመራማሪዎች የተለያዩ የሞገድ ርዝመቶችን በሶሪያሲስ ላይ ሞክረው ነበር። ከ290 ናኖሜትር ጀምሮ ወደታች ያለው ቆዳውን ከማቃጠል በቀር ለበሽታው አንዳች አልፈየደም፤ 313 አካባቢ ያለው ግን ቅርፊቱን አነሳው። የዛሬው 311 የተወለደው ከዚያ ነው። እንግዲህ ልብ ይበሉ፣ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ቫይታሚን የሚል ቃል አልገባም።

ቫይታሚን ዲ የሚመጣው በጎን ነው። በቆዳችን ውስጥ የኮሌስትሮል ዘመድ የሆነ ንጥረ ነገር አለ። ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር ያለው ብርሃን ሲያርፍበት ይሰበርና የቫይታሚን ዲ ቅድመ አካል ይሆናል፤ የሰውነት ሙቀት ቀስ ብሎ ወደ ቫይታሚን ዲ ይለውጠዋል። ከዚያ ጉበት ጋ ሄዶ 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ ይሆናል። በላብራቶሪ ወረቀትዎ ላይ 13 ተብሎ የተጻፈው ይህ የጉበት ምርት ነው። የመጨረሻውን፣ የሚሠራውን ዓይነት የሚያዘጋጀው ኩላሊት ነው።

የእርስዎ 311 ከዚህ መስኮት ጠርዝ ላይ ነው የሚቆመው። ስለዚህ በቫይታሚን ዲ አምራችነቱ ከድሮው ሰፊ ባንድ ዩቪቢ ያንሳል፤ ስዊድን ውስጥ ሁለቱን ያነጻጸሩ ሐኪሞችም ያገኙት ይህንኑ ነው። ቢያንስም ግን ያመርታል። አየርላንድ ውስጥ በክረምት፣ ፀሐይ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት አቅም በማይኖራት ወራት፣ በጠባብ ባንድ ዩቪቢ የታከሙ የሶሪያሲስ ሕሙማን የደም መጠናቸው ከእጥፍ በላይ ሲያድግ ብርሃኑን ያላገኙት እንዲህ ያለ ጭማሪ አላሳዩም። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ጭማሪው ከተቀበሉት የብርሃን መጠን ጋር አብሮ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሱ ይጨምራል ነው።

ታዲያ ብርሃኑ የሚያድነው ቫይታሚን ዲን ስለሚጨምር ነው? ብዙ ታካሚ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ አንዳንድ ባለሙያም እንዲሁ። በዚያው የአየርላንድ ጥናት ዲው ይበልጥ ከፍ ያለለት ሰው ቆዳው ይበልጥ አልጠራለትም፤ ሁለቱ መሻሻሎች በየራሳቸው መንገድ ነበር የሄዱት። ኖርዌይ ውስጥ ደግሞ ቫይታሚን ዲያቸው ዝቅ ያለ የሶሪያሲስ ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለአንደኛው ወገን ለአራት ወራት ክረምት ከፍ ያለ ቫይታሚን ዲ ሰጡ፤ ለሌላው ባዶ እንክብል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ በቆዳው ላይ ልዩነት አልታየም። በደማቸው ያለው ቁጥር ከፍ ብሏል፤ ቅርፊቱ ግን ባለበት ነበር። “ዲዬ ይስተካከልና ብርሃኑን እተወዋለሁ” የሚል ሐሳብ ካለዎት ይህን ያስቡበት።

የሚያደናግር ሌላ ነገርም አለ። ቫይታሚን ዲ በቅባት መልክ ቆዳ ላይ ሲቀባ እውነተኛ የሶሪያሲስ መድኃኒት ነው፤ ካልሲፖትሪኦል የሚባለው ቅባት የቫይታሚን ዲ አምሳያ ነው። ነገሩ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1985 ጃፓን ውስጥ፣ ለአጥንት መሳሳት የቫይታሚን ዲ መድኃኒት ይወስድ የነበረ ሰው ሶሪያሲሱ ሲጠፋለት ነበር። ከዚያ በኋላ ሳይንቲስቶች ካልሲየምን እንዳያናጋ ተደርጎ የተሠራ፣ ቆዳ ላይ የሚቀባ ዓይነት አበጁ። በቆዳ ላይ በቀጥታ የሚያርፈው መጠን በአፍ ተወስዶ በደም ዞሮ ከሚደርሰው ጋር አይወዳደርም። ይህን ቅባት የሚጠቀሙ ከሆነ ሁልጊዜ ከብርሃኑ በኋላ ይቀቡት። ቀድመው ከተቀቡት ብርሃኑን ይጋርዳል፤ አንዳንዱ ብርሃን ደግሞ ራሱን ቅባቱን ያበላሸዋል።

አሁን ወደ 13 እንመለስ። ወረቀቱን አውጥተው ከቁጥሩ ጎን ያለውን መለኪያ ይዩልኝ። “ናኖግራም በሚሊ ሊትር” ከሆነ 13 ዝቅተኛ ነው፤ ብዙዎቻችን እንደ መነሻ የምንይዘው 20ን ነው። “ናኖሞል በሊትር” ከሆነ ግን ለ2.5 ማካፈል ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ 13 ማለት 5 ገደማ ነው፣ ይህ ደግሞ ከባድ እጥረት ነው፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪምዎን ያነጋግሩ። የአጥንት ሕመም ካለ፣ ደረጃ ሲወጡ ጭንዎ ከደከመም ይንገሩት። ሁለት የተለያዩ ላብራቶሪዎች በሁለት መለኪያ ጽፈው አንዲት ታካሚ “በአንድ ሳምንት ከ15 ወደ 38 ወጣሁ” ብላ ደስ ብሏት መጥታ አውቃለሁ። ያልተለወጠ ነገር ነበር።

ደሙ የተወሰደበትን ቀንም ያስታውሱ። 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ በደም ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት እየቆየ ነው ግማሹ የሚያልቀው፤ ሲጨምርም ቀስ እያለ ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዙር ላይ ተቀድቶ ከሆነ 13ቱ የሚናገረው ስላለፉት ወራትዎ ነው፣ ስለ ብርሃኑ ገና ምንም አልነገረዎትም።

ስላለፉት ወራት ካነሳን “ፀሐይ በሞላበት አገር” ወዳሉት እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ዩቪን 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በፀሐይ በኩል ከእኛ የተሻለ ዋና ከተማ ማግኘት ይከብዳል። ቢሆንም በዚሁ ከተማ በኢትዮ-ስዊድን ሕፃናት ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት፣ በሳንባ ምች ከተያዙት ሕፃናት ውስጥ 42 በመቶው የሪኬትስ ምልክት እንደነበራቸው አሳይቷል፤ ሳንባ ምች ካልያዛቸው ውስጥ 4 በመቶ ብቻ። ሪኬትስ የቫይታሚን ዲ እጥረት በሕፃን አጥንት ላይ የሚጽፈው በሽታ ነው። ፀሐይ በሰማይ መኖሯ ብቻ አይበቃም፣ ቆዳ ላይ ማረፍ አለባት።

እርስዎን እንውሰድ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ ይይዛሉ፣ ቀኑን ቢሮ ይውላሉ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣሉ። በአዲስ አበባ ዩቪቢ ጠንከር ብሎ የሚወርደው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ቀላሉ መለኪያ ጥላዎ ነው፤ ጥላዎ ከቁመትዎ ከረዘመ ፀሐይዋ ትሞቃለች እንጂ ቫይታሚን ዲ የመሥራት አቅሟ ትንሽ ነው። የጠዋቷን ፀሐይ እናቶቻችን ቢወዷትም ለዚህ ሥራ ደካማ ናት። በቢሮው መስኮት በኩል የምትገባውም አትረዳም፤ ተራ መስታወት ዩቪቢን ያስቀራል። ሜላኒን (ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም) የበዛበት ቆዳ ራሱ ዩቪቢውን ስለሚያጣራ ለተመሳሳይ ውጤት ረዘም ያለ ጊዜ ይጠይቃል። በዚህ ላይ ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ይሸፋፈናል። እጅጌ ሙሉ፣ ረጅም ቀሚስ፣ አንገት ላይ ነጠላ ወይም ሻርፕ። በታክሲ ውስጥ ሰው አይቶ እንዳይሸሽ ነው፤ ሶሪያሲስ እንደማይተላለፍ ስንት ጊዜ ቢነገርም አሁንም “እከክ ነው፣ ችፌ ነው” እያለ የሚሸሽ አለ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ሕመሙ ሰውን ከሰው ብቻ ሳይሆን ከፀሐይም ይለያል። በብዙ አገሮች የሶሪያሲስ ሕሙማን ቫይታሚን ዲ ከሌላው ሰው ዝቅ ብሎ መገኘቱ ከዚህ መሸፋፈን ጋርም ሳይያያዝ አይቀርም።

ከምግብም ቢሆን ብዙ አይጠብቁ። ቫይታሚን ዲ በቅባታም ዓሣ፣ በእንቁላል አስኳልና በጉበት ውስጥ ነው ያለው። ጿሚ ከሆኑ ደግሞ የዓመቱ ሰፊ ክፍል ከነዚህ ውጪ ነው የሚያልፈው።

ማሽኑ ለምን አስፈለገ ላሉት፣ ፀሐይም ሶሪያሲስን ታክማለች፣ አልክድም። ማሽን የማያገኙ፣ ከከተማ ርቀው የሚኖሩ ታካሚዎቼን ረፋድ ላይ ቁስሉን ገልጠው በአምስት ደቂቃ እንዲጀምሩ፣ ፊታቸውን ከልለው ቀስ በቀስ እንዲጨምሩ አዝዣለሁ፣ የተሻላቸውም አሉ። ግን ፀሐይ አትለካም። ዛሬ ደመና ነው፣ ነገ ጠራራ። ከመጠን አልፋ ቆዳውን ከላጠችው ሶሪያሲሱ በተላጠው ቦታ ላይ ሊበቅል ይችላል። በዚያ ላይ ጀርባና መቀመጫ ላይ ላለ ቁስል በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ማን ልብሱን ያወልቃል? በካቢኔው ውስጥ ሲስተሯ መጠኑን በቁጥር ነው የምትሰጥዎት። ጠቆር ላለ ቆዳ በአብዛኛው ከ800 ሚሊ ጁል በካሬ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይጀመርና ቆዳው በነገረን መሠረት ከፍ ይደረጋል።

ወደ መርፌው። ሰውነት ከብርሃን የሚያገኘውን ቫይታሚን ዲ ራሱ ይቆጣጠራል። መጠኑ ሲበዛ ያው ብርሃን ትርፉን ወደማይሠሩ ቅርጾች ይለውጠዋል፤ ለዚህ ነው ካቢኔ ውስጥ በመቆም በቫይታሚን ዲ የተመረዘ ሰው የማናየው። በመርፌ ወይም በእንክብል የገባውን ግን የሚያግደው በር የለም። ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ዲ በደም ውስጥ ካልሲየምን ያበዛል፤ ውኃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ የሆድ ድርቀት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲብስም የኩላሊት ጠጠርና የኩላሊት ጉዳት ያመጣል። ከመድኃኒት ቤት 300,000 ዩኒት በአንድ ጊዜ ተወግተው፣ በወሩ ደግሞ “ድካሜ አልለቀቀኝም” ብለው የደገሙ ሰዎች መጥተውልኛል። አንድ ጊዜ የተወጋ ጤነኛ ሰው ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፤ እኔ የምፈራው መደጋገሙን ነው፣ ማንም የማይመዘግበውን። ልጅ ላሰበች ሴት ይህን አልመርጥም።

በእርስዎ ቦታ ብሆን፣ መለኪያው ናኖግራም ከሆነ፣ በየቀኑ የሚወሰድ መጠነኛ ቫይታሚን ዲ፣ ከ1,000 እስከ 2,000 ዩኒት፣ ከምግብ ጋር እጀምራለሁ፤ ብርሃኑንም እቀጥላለሁ። ለአዋቂ ያለ ሐኪም ክትትል በቀን ከ4,000 ዩኒት አይለፍ የሚለው ገደብ የታወቀ ነው። ሐኪምዎ ቶሎ ከፍ ማድረግ ከፈለገ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰድ 50,000 ዩኒት ለስድስት ወይም ለስምንት ሳምንት ሊያዝ ይችላል፤ ይህ የተለመደ ነው፣ መጀመሪያና መጨረሻው ስለሚታወቅም አይከፋም። የኩላሊት ጠጠር ኖሮብዎት ከሆነ ግን ማንኛውንም ከመጀመርዎ በፊት ይንገሩት።

አሁን ስለ ባልደረባዎ። እ.ኤ.አ. በ1978 ብራንዳ እና ኢተን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በብርሃን የሚታከሙ ጥቂት የቆዳ ሕሙማንን ደም ለክተው ፎሌታቸው (በምግብና በደም ውስጥ ያለው የፎሊክ አሲድ ዓይነት) ከሌላው ሰው ዝቅ ብሎ አገኙት። በብልቃጥ ውስጥ ያለ ፕላዝማም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ብርሃን ሲያገኘው ፎሌቱ ሲቀንስ አዩ። ወሬው ሁሉ ከዚያ ይነሳል። ነገር ግን እነዚያ ሕሙማን የታከሙት ፑቫ በሚባለው ነው፤ ሶራሌን የሚባል መድኃኒት ተውጦ ከዚያ በኋላ የሚበራ ዩቪኤ። ዩቪኤ ረጅም ሞገድ ነው፤ ከ320 እስከ 400 ናኖሜትር። ከዩቪቢ በጣም ጠልቆ ይገባል፣ ቆዳው ውስጥ የሚዘዋወረውን ደም ያገኘዋል። (በነገራችን ላይ ፑቫ ቫይታሚን ዲንም አይጨምርም፤ ሞገዱ ከመስኮቱ ውጪ ነው።) በጠባብ ባንድ ዩቪቢ ላይ በሶሪያሲስ ሕሙማን የተደረጉት ጥናቶች ግን የተለያየ ነገር ነው ያገኙት። አንዳንዶቹ ከ18 ዙር በኋላም ፎሌት እንዳልተነካ አይተዋል፤ ሌሎች ዙሩና መጠኑ ሲበዛ የተወሰነ መቀነስ አግኝተዋል። ቫይታሚን ቢ12 ላይ ወጥ የሆነ ለውጥ አልታየም። ፎሌቷ ደህና ለሆነ፣ ልጅም ላላሰበች ታካሚ ይህን ጉዳይ አነሳዋለሁ እንጂ አላስጨንቃትም።

እርስዎ ግን ልጅ አስበዋል፤ ስለዚህ የባልደረባዎ ስጋት ባያስቆምዎትም አንድ ነገር ሊያስደርግዎት ይገባል። ፎሊክ አሲድ ዛሬ ይጀምሩ። ይህ ብርሃን ቢኖርም ባይኖርም ያስፈልግዎ ነበር። የፅንሱ የነርቭ ቧንቧ የሚዘጋው ከተፀነሰ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ነው፤ ብዙ ሴት እርጉዝ መሆኗን በማታውቅበት ጊዜ። ሲቀር ጀርባ ወይም ጭንቅላት ላይ ክፍተት ያለበት ልጅ ይወለዳል፤ በአገራችን ሆስፒታሎች የምናየው ከባድ ችግር ነው። ቢያንስ ከማርገዝዎ አንድ ወር በፊት ጀምሮ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ እስከ ሦስተኛው ወር መጨረሻ። በጤና ጣቢያ ከብረት ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጠው እንክብል ይህን መጠን ይዟል። በመድኃኒት ቤት በብዛት የሚገኘው 5 ሚሊግራም ከዚያ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው፤ እሱ የሚታዘዘው ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ ለወለደች፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድና ለመሳሰሉት ነው። ያለ ምክንያት ከፍ ያለውን አለመውሰድ ይሻላል፣ በተለይ ረጅም ጾም ለሚጾም ሰው፤ የቢ12 እጥረት ያለበት ሰው ብዙ ፎሊክ አሲድ ሲወስድ የደም ማነሱ ይሸፈንና የነርቭ ጉዳቱ ሳይታወቅ ይገፋል። ከተቻለ ቢ12ዎንም አብረው ያስመርምሩ።

በምግብ በኩል በፎሌት ከብዙ ዓለም የተሻልን ነን። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሁሉም ፎሌት አላቸው፤ የጾም ገበታችን በዚህ ሀብታም ነው። ጎመኑን ለረጅም ሰዓት ቀቅሎ ውኃውን ማፍሰስ ግን ፎሌቱን ይዞት ይሄዳል፤ በጥቂት ውኃ ያብስሉት፣ ውኃውንም አይድፉት።

ከፎሌት ሁሉ በላይ የማሳስብዎት አንድ ነገር አለ፣ በጥያቄዎ ውስጥ ስላልገለጹት ነው። ከብርሃኑ ጋር እንክብል ይወስዳሉ? ሜቶትሬክሴት ከሆነ ፎሌትን የሚጋፋው እሱ ነው፣ ፅንስንም ይጎዳል፤ ለማርገዝ ከመሞከርዎ ከወራት በፊት በሐኪምዎ ትእዛዝ መቆም አለበት። አሲትሬቲን ከሆነ ነገሩ ይከብዳል፤ የቫይታሚን ኤ ዘር ነው፣ ከተቋረጠ በኋላ ለሦስት ዓመት ማርገዝ አይፈቀድም። አንዱን እንኳ ወስደው ከሆነ እባክዎ ዛሬ ደውለው ሐኪምዎን ያነጋግሩ፤ እስከዚያ ድረስም እርግዝናውን ያዘግዩት። ምንም የማይወስዱ ከሆነ ግን ጠባብ ባንድ ዩቪቢ ነፍሰ ጡር ለሆነች ወይም ልጅ ላሰበች ሴት፣ ከቅባት ቀጥሎ ቀድመን የምንመርጠው ሕክምና ነው። ካረገዙ በኋላም መቀጠል ይቻላል። ለሲስተሯ ይንገሯት፤ ካቢኔው ስለሚሞቅ ነፍሰ ጡር ሊያዞራት ይችላል፣ ፊት ላይ ቁስል ከሌለ ደግሞ ፊቱ ይሸፈናል፣ ማድያት እንዳይወጣ።

ስለ ካቢኔው ጥቂት ላክል፣ ከቫይታሚን ይልቅ ሕክምናውን የሚያበላሹት እነዚህ ናቸውና። ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበትን ቅባት ከብርሃኑ በፊት አይቀቡ፤ ዩቪቢን እንደ ግድግዳ ይመልሰዋል። ቅርፊቱ ላይ ስስ ቫዝሊን ወይም ዘይት ግን ብርሃኑን ያሳልፈዋል፤ ወፍራም ከሆነ እሱም ይከልላል። መነጽሩን አያውልቁ። ጠቆር ያለ ቆዳ ሲቃጠል ቀይ አይሆንም፤ ይጠቁራል፣ ይተኩሳል፣ ልብስ ሲነካው ያማል። በማግስቱ እንዲህ ከተሰማዎት ለሲስተሯ ሳይነግሩ ወደ ካቢኔው አይግቡ፣ መጠኑ መቀነስ አለበት። ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ዶክሲሳይክሊን ቆዳን ለብርሃን ያስቆጣሉ፤ አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝልዎ ብርሃን እንደሚገቡ ይናገሩ። ከሳምንት በላይ ከቀሩ መጠኑ ዝቅ ይላል፤ ከአራት ሳምንት በላይ ከሆነ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ሥራ እየበዛ በሳምንት አንዴ መምጣት ከሁሉ ይከፋል፤ ታክሲውንም ድካሙንም ከፍለው ውጤቱን አያገኙም። ቢያንስ ሁለቴ ይምጡ። በየሱቁ የሚሸጡትን የጥፍር መብራት ዓይነት አምፖሎች ደግሞ ገንዘብ አያውጡባቸው፤ ዩቪኤ ናቸው፣ ሶሪያሲስንም ቫይታሚን ዲንም አይነኩም።

ቀጣዩ የደም ምርመራ 30ኛው ዙር አካባቢ ይሁን፣ በተመሳሳይ ላብራቶሪ፣ በተመሳሳይ መለኪያ። 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ፣ ፎሌት፣ ቢ12ና ካልሲየም ይበቃሉ። ዲው ከ20 ካለፈ እንክብሉን በዚያው መጠነኛ ልክ ይቀጥሉ፤ ብርሃኑ ሲያበቃ ቁጥሩ በወራት ውስጥ ተመልሶ ስለሚወርድ ያን ጊዜ እንዳያቋርጡት። ካላለፈ ሐኪምዎ የአንጀትና የጉበት ምርመራ ሊያዝ ይችላል። የፎሊክ አሲዱን ውጤት ግን አይጠብቁ፤ እሱን ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ይዋጡ።